ሉንደሁንድ፦ የትኛው ጠባዩ ነው፣ የትኛው ሕመሙ?

ሉንደሁንድ ከ6 እስከ 7 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ የኖርዌይ ውሻ ነው። ቬርዮይ በምትባል ደሴት ገደል እየወጣ፣ ድንጋይ ሥር እየተሽሎከለከ፣ ፓፊን የተባሉትን የባሕር ወፎች ከጎጇቸው ለባለቤቱ ሲያወጣ የኖረ ነው። ሰውነቱ ለዚህ ሥራ ስለተሠራ ጤናማው ነገር ሕመም ይመስላል። እውነተኛው ሕመሙ ደግሞ ቀላል ይመስላል።

ተቅማጥ እየመጣ ይሄዳል፤ ደህና እየበላም ይከሳል

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ሌላ ውሻ ቢሆን አንድ ሁለት ቀን አይተን እንወስን ነበር። ሉንደሁንድ ላይ ግን አይጠበቅም።

ምክንያት፦ የብዙዎቹ አንጀት ስብና ፕሮቲን በወጉ አይወስድም። ብሶም ደም ውስጥ የነበረው ፕሮቲን በአንጀት በኩል ይፈስሳል። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ሲያንስ ፈሳሽ ከደም ሥር እየወጣ ሆድ ይነፋል፣ እግር ያብጣል። ችግሩ በዘር ይመጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዲስቴምፐር የሚባል በቫይረስ የሚመጣ የውሻ በሽታ ዝርያውን ሊጨርሰው ደርሶ ነበር። የዛሬዎቹ ከተረፉት ጥቂት ውሾች የተወለዱ ናቸው፤ ዘመድ ከዘመድ ተዳቀለ ማለት ነው። አሁን ኖርዌይ ውስጥ እንደ ቡሁንድ ካሉ ዝርያዎች ጋር ማዳቀል ተጀምሯል። በእኔ እምነት ዘገየ እንጂ ትክክለኛ እርምጃ ነው።

መፍትሄ፦ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ተቅማጥ ሁሉ ይሄ በሽታ አይደለምና መጀመሪያ ሰገራው ለትላትል ይመርመር። ከደሙ አልቡሚንና ቫይታሚን ቢ12 እንዲለካ ይጠይቁ። ምግቡ ስብ ያነሰው፣ በቀላሉ የሚፈጭ ይሁን፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት። ጮማና የገበታ ትራፊ ጭራሽ አይሆንም። እንግዶችዎም ይህን ይወቁ። በየሳምንቱ ይመዝኑት፣ ቁጥሩንም ይጻፉት። በሽታው ጨርሶ አይድንም፤ በጊዜ ከተያዘ ግን አብረውት ደህና የሚኖሩ አሉ። ሆዱ ከተነፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ያነክሳል፣ እግሩን ይልሳል

ጥፍሩን ይዩ። በየእግሩ ቢያንስ 6 ጣት አለው። ከፍ ብለው ያሉት መሬት በደንብ ስለማይነኩ ጥፍራቸው ያድጋል፣ ይጠማዘዛል፣ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በየሁለት ሳምንቱ ጫፍ ጫፉን ይቁረጡ፤ ውስጡ ያለውን የደም ሥር እንዳይነኩ። ሥጋ ውስጥ ከገባ ራስዎ አይጎትቱት፣ ለሐኪም ይተዉት። ትርፍ ጣት ነው ብለው ግን እንዳያስቆርጡት! አጥንትና ጡንቻ ያለው፣ ገደል የሚቧጥጥበት ጣቱ ነው።

አንገቱ ወደ ጀርባው ይታጠፋል፣ የፊት እግሮቹ ወደ ጎን ይዘረጋሉ

ይሄ ሕመም አይደለም። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የሚዞረው እንዲህ ነበር። ጆሮውንም አጥፎ ይዘጋዋል።

ከእንግዳ ይሸሻል፣ ቤት ውስጥ ይሸናል

ጠንቃቃ ውሻ ነው፤ ቁጣ ያብስበታል። ቡችላ ሳለ ከሰውና ከድምፅ ጋር በዝግታ ያለማምዱት። ከበላ በኋላና ከእንቅልፉ ሲነሳ ወዲያው ወደ ደጅ ያውጡት። ጊዜ ይፈጃል። ደጅ ሲሸና እዚያው ይሸልሙት፤ ሽልማቱ ግን አይብ ሳይሆን የተቀቀለ ነጭ ዓሣ ቁራሽ ይሁን።