ከሴሜ³ ወደ ሜ³ ስትቀይሩ ርቢዎቹን አባዙ

አሃድ ሲቀየር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 1 ሜትር 100 ሴንቲሜትር ስለሆነ፣ 1 ሜትር ኩብም 100 ሴንቲሜትር ኩብ ይመስለዋል። አይደለም፤ 1,000,000 ነው።

መላው ቀላል ነው። "ሴንቲ" ማለት 10⁻² ነው። ሴሜ³ ተብሎ ሲጻፍ ኩቡ የሚያርፈው ሜትሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ "ሴንቲ"ዋም ላይ ነው። ስለዚህ ቅንፍ አድርጉላት፦ (10⁻² ሜ)³። ከዚያ ርቢዎቹን፣ ማለትም ከላይ በትንሹ የተጻፉትን ቁጥሮች፣ አባዙ። -2 ሲባዛ በ3፣ -6 ይመጣል። 1 ሴሜ³ = 10⁻⁶ ሜ³። አለቀ። ቅንፏን የዘለለ ሰው ግን -2ን እና 3ን ይደምርና 10¹ ይዞ ቁጭ ይላል።

ኪሜ²ም ያው ነው፦ (10³)² = 10⁶ ሜ²።

ነገሩ የሚጣፍጠው ክፍልፋይ ሲመጣ ነው። የውሃ እፍግታ (በአንድ ይዘት ውስጥ ያለው ክብደት) ወደ 1 ግ/ሴሜ³ ይጠጋል። ወደ ኪግ/ሜ³ እንቀይረው። ከላይ 1 ግራም 10⁻³ ኪግ ነው፣ ከታች ደግሞ 10⁻⁶ ሜ³ አለ። ስናካፍል ርቢዎቹ ይቀናነሳሉ፦ -3 - (-6) = 3። መልሱ 10³፣ ማለትም 1000 ኪግ/ሜ³። ሁለተኛዋን ነጌቲቭ በቅንፍ ጻፏት፤ እሷን ጥሎ -9 ላይ መድረስ በጣም ቀላል ነው።

ሚሊሊትር ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። ሊትር ራሱ የይዘት መለኪያ ስለሆነ ኩብ አይደረግም። 1 ሚሊሊትር 10⁻³ ሊትር ነው፣ በቃ። ወደ ሜ³ መሄድ ካስፈለጋችሁ 1 ሚሊሊትር = 1 ሴሜ³ ብላችሁ ጀምሩ።