የዓሣ ሾርባ በወተት ለሐምሌ ብርድ

ሐምሌ ገብቶ ጭጋጉ ጎንደርን ሲሸፍናት እኔ ቤት ድስት ላይ የሚጣደው ዓሣ ነው። ባሕር የለንም፤ ጣና ግን ቅርባችን ነው። በጎርጎራ በኩል የመጣ ትኩስ ቆሮሶ ካገኛችሁ ያዙ። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን።

ሥጋውን ካስለያችሁ በኋላ ጭንቅላትና አጥንቱን አትጣሉ። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ስንጥቡን ብቻ አውጡ፣ ይመራል። በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳችሁ 20 ደቂቃ አንተክትኩትና አጥልሉት።

ሽንኩርት በቅቤ አቁላሉ፣ እንዳይጠቁር። እጃችሁ ወደ በርበሬው ቢሄድም ያዙት! ድንች ከትፋችሁ ጨምሩና በመረቁ ቀቅሉ። ከተማችን ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃው የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ድንቹ ቢዘገይ አትገረሙ። ሲበስል ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጡት። ሾርባውን የሚያወፍረው እሱ ነው፤ ዱቄት ምን ያደርጋል?

አሁን ወተቱ። አንዴ ቲማቲም ያለበት ድስት ላይ ቀዝቃዛ ወተት ገልብጬ አይብ ሆኖ ቁጭ አለ። ቤተሰቡ እስካሁን ይስቅብኛል። ስለዚህ ቲማቲሙን ተዉት። ወተቱን ለብቻው አፍሉ፣ ስልባቦቱን አትግፈፉ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ ትኩሱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከዚያ ወዲያ አይንተክተክ።

ዓሣው መጨረሻ ይገባል። በትንንሹ ከተቆረጠ 5 ወይም 6 ደቂቃ ይበቃዋል። አታማስሉት፣ ይፈረፈራል። ቁንዶ በርበሬ ነስነስ፣ ሎሚ የሚወድ ሳህኑ ላይ ይጭመቅ። ድፎ ዳቦ ካለ ደግሞ እያጠቀሱ ነው።