ስልክ ታነሳላችሁ? ለየሥራው ስንት ጀርመንኛ እንደሚበቃ

በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በረዳትነት የተቀጠርኩ ሰሞን የኤ2 ወረቀት በእጄ ነበር። (የጀርመንኛ ደረጃ ከታች ወደ ላይ ኤ1፣ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2፣ ሲ1 እያለ ይወጣል።) ኃላፊዬ ደውላ «ነገ ሃልብ ዚበን ነይ» አለችኝ። ዚበን ሰባት ነው። ሃልብ ግማሽ ነው። ሰባት ተኩል ነው ብዬ በማግስቱ ጠዋት 7:30 ላይ ደረስኩ። ጀርመኖች ግን ሃልብ ዚበን ሲሉ ሰባት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል ማለታቸው ነው። 6:30 መሆኑ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ተኩል። ባልደረባዬ የእኔንም ድርሻ ጨምራ አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዋን ስታነሳ፣ ስታጥብ፣ ስታለብስ ቆይታለች። አንዲት ስኳር ያለባቸው እናት ቁርሳቸውን እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ማንም አልጮኸብኝም። እኔ ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰዓት መናገር የኤ1 ትምህርት ነው፤ ፈተናውንም አልፌ ነበር።

ዛሬ ፍራንክፈርት አካባቢ ነርስ ነኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ፣ አዲስ የመጡ ልጆች የሚጠይቁኝ ሁሌም አንድ ነው፦ «እህቴ፣ ቢ1 ይበቃኛል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ሥራው ላይ ስልክ ታነሳለህ? በጀርመንኛ ትጽፋለህ? በደንብ ባትሰማ ሰው ይጎዳል? ለሦስቱም መልሱ «አይ» ከሆነ፣ በኤ1 እና በኤ2 መጀመር ይቻላል። አንዱ «አዎ» ከሆነ ቢ1 ያስፈልጋል። ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ፣ ማስታወቂያው ምንም ይበል ምን፣ ቢ2 ላይ ሳትደርሱ ትቸገራላችሁ።

ከዝምተኞቹ ሥራዎች እንጀምር። የሆቴል ክፍል ጽዳት፣ የልብስ ማጠቢያ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማሸግ። እኔም በሆቴል ጽዳት ነው የጀመርኩት። ጠዋት ዝርዝር ይሰጣችኋል። «አብራይዘ» የተባለው ክፍል እንግዳው የሚለቀው ነው፤ አንሶላው ሁሉ ይቀየራል። «ብላይበ» የተባለው እንግዳው የሚቆይበት ነው። ጨርቆቹ በቀለም ይለያሉ፤ ቀዩ ለሽንት ቤት መቀመጫው ነው፣ ሌላ ቦታ አይነካም። ከቃላት ይልቅ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ግን የኬሚካሉ ጠርሙስ ላይ «ኤትሰንት» የሚል ካያችሁ ቆዳ የሚያቃጥል ነውና ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት።

እዚህ ሥራ ላይም ስልክ አንድ ቀን ይመጣል። የታመማችሁ ቀን። ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት መደወል ግዴታ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙት፦ «ኢኽ ቢን ክራንክ፣ ኢኽ ካን ሆይተ ኒኽት ኮመን።» ታምሜአለሁ፣ ዛሬ መምጣት አልችልም ማለት ነው። ከዚያ ስማችሁንና የምትሠሩበትን ቦታ ጨምሩ።

ውል ስትፈርሙ ደግሞ ሦስት ቃል ፈልጉ። «በፍሪስተት» ካለ ሥራው ጊዜው የተወሰነ ነው፤ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። «ፕሮበጻይት» የሙከራ ጊዜ ነው፤ እስከ 6 ወር ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ጊዜ በ2 ሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። «ብሩቶ» ከተባለ ደግሞ ግብርና መድን ያልተቀነሰለት ነው፤ እጃችሁ የሚገባው ከዚያ ያነሰ ነው። አንሶላ እየቀየራችሁ የኤ1 ሰው መሆን ይቻላል። ውል እየፈረማችሁ ግን አይቻልም፤ የሚያነብላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ እነዚህ ሥራዎች ከልቤ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ሁለት ዓመት ከአበሻ ልጆች ጋር አልጋ ሳነጥፍ ጀርመንኛዬ ከፍ አላለም። ደመወዝ ይገባል፣ ለቤተሰብ ይላካል፣ ማታ ድካም ነው፣ ኮርሱ ይቀራል። ልጆች እያለቀሱ «አራት ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም ኤ2 ነኝ» ሲሉኝ ስንፍና እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የምትችሉ ከሆነ ሙሉ ቀን ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ቢ1ን ጨርሱ። የኢንተግራሲዮን ኮርስ፣ ማለትም መንግሥት ለአዲስ መጪዎች ያዘጋጀው ትምህርት፣ 600 የቋንቋ ክፍለ ጊዜና 100 ስለ አገሩ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ አለው፤ አንዱ 45 ደቂቃ ነው። ዕድሉን ካገኛችሁ ለደመወዝ ብላችሁ አታቋርጡት። የግድ መሥራት ካለባችሁም ግማሽ ቀን ሥሩ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ማጠብ በኤ1 ይሆናል፤ «ሃይስ!» ሲሉ ትኩስ ነገር ይዘው እያለፉ እንደሆነ ከገባችሁ ይበቃል። ምግብ የሚነካ ሰው ግን መጀመሪያ የጤና ቢሮ ስለ ተላላፊ በሽታ የሚሰጠውን ማብራሪያ መውሰድ አለበት። አስተናጋጅ መሆን ሌላ ነው። እንግዳው «ይሄ ምግብ ውስጥ ለውዝ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በአውሮፓ ሕግ መገለጽ ያለባቸው 14 ዓይነት የአለርጂ ምግቦች አሉ። በዚህ ላይ «የለም መሰለኝ» አይባልም። ቢ1 ይዛችሁ ግቡ።

ሹፌርነት ለሚያስቡ፦ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው እዚህ መኖር ከጀመራችሁ ለ6 ወር ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና አለ። የጽሑፉ ከጀርመንኛ ሌላ በእንግሊዝኛና በአረብኛ ጭምር ይሰጣል፣ በአማርኛ ግን የለም። ከዓረብ አገር የመጡ እህቶቻችን በአረብኛ የማንበብ ችሎታ ካላቸው ይጠቀሙበት። ለጥበቃ ሥራ ደግሞ በንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት የ40 ሰዓት ትምህርት አለ፤ የሚጠየቀውም ቢ1 ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ከኢትዮጵያ ሆነው ብዙ ልጆች የሚጠይቁኝ ስለሱ ነው። ለነርስነት አውስቢልዱንግ፣ ማለትም እየሠሩ ለሚማሩት የሦስት ዓመት ሥልጠና፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ቢ1 ይጠየቃል። ነርሲንግ አገር ቤት ተምራችሁ ዲግሪያችሁን ለማስመዘን ከሆነ እስከ መጨረሻው ቢ2 ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ሥራው የሚለው ግን ይበልጣል።

ፈረቃ ሲቀየር «ዩበርጋበ» አለ። የሌሊቷ ነርስ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ለጠዋቱ ቡድን በፍጥነት ትነግራለች። ማን ወደቀ፣ ማን አልበላም፣ የማን የደም ግፊት ወረደ። አትደግምላችሁም። ቁጥሩ ደግሞ የተገላበጠ ነው፤ 54ን «አራትና ሃምሳ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ አራቱን ሰምታችሁ 45 ብትጽፉ ሌላ ሰው ክፍል ትገባላችሁ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ባቡር ውስጥ የመንገዶችን ቁጥርና የዋጋ ዝርዝር እያየሁ ለራሴ በጀርመንኛ ስቆጥር ነበር። ተለማመዱት። የስልክ ቁጥርም ሁለት ሁለት አድርገው ይነግሯችኋል።

ከዚያ አረጋውያኑ ራሳቸው አሉ። ኮርስ ላይ እንደምትሰሙት አይናገሩም። እዚህ ሄሰን ውስጥ ሰላምታው «አይ ጉደ» ነው። «ኤትቫስ» ብላችሁ የተማራችሁት ቃል «ኤበስ» ይሆናል። ጥርሳቸውን ያወለቁ፣ ትዝታቸው የተምታታ እናት ጠዋት ላይ በዚህ አነጋገር ሕመማቸውን ሲነግሯችሁ መረዳት አለባችሁ። አንድ ነገር ግን ለእኛ ቀላል ነው፦ «ዚ» እና «ዱ»። እርስዎና አንተ ማለት ነው። አዛውንትን አንቱ ማለት ማንም አላስተማረንም፣ ከቤታችን ይዘነው ነው የመጣነው። ብዙ የውጭ አገር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ የእኛ ልጆች ግን አይሳሳቱም፤ አረጋውያኑም ለዚህ ይወዱናል።

ጽሑፉስ? በየፈረቃው ሪፖርት ይጻፋል፣ ሕጋዊ ሰነድም ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፦ ወይዘሮዋ ግማሽ ቁርስ በሉ፣ ቀኝ እግራቸው አብጧል፣ ሐኪም ተነግሮታል። ያለፈውን የሚናገረው ግስ በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ቫይል» (ምክንያቱም) ካላችሁ በኋላም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ላይ ተመርኩዛችሁ ብትተረጉሙ ትጠፋላችሁ፤ በአማርኛ አስቡት። «ስለታመሙ አልበሉም» ስንል ግሱ በየሐረጉ መጨረሻ አይደለም? የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ያግዛችኋል።

ሥልጠናው ላይ የሚከብደው ደግሞ ታማሚው ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው። የሕግ ትምህርት፣ የሰውነት አካላት፣ ረጅም ፈተና። በቢ1 የገቡ ጓደኞቼ የመጀመሪያውን ዓመት በእንባ ነው ያለፉት። ሦስት ወር ወይም ስድስት ወር ዘግይታችሁ ወደ ቢ2 ቀርባችሁ ብትገቡ አይቆጫችሁም። የቋንቋ ወረቀት በገንዘብ እናስገኝላችኋለን የሚሉ ደላሎች አሉ፤ በመጀመሪያው ዩበርጋበ ላይ የሚጋለጥ ወረቀት ምን ያደርጋል?

ሐኪሞች ቢ2 ላይ ተጨማሪ የሙያ ቋንቋ ፈተና አለባቸው፣ ደረጃውም ሲ1 ነው። 60 ደቂቃ ይፈጃል፦ 20 ደቂቃ ከታማሚ ጋር፣ 20 ደቂቃ ጽሑፍ፣ 20 ደቂቃ ከሐኪም ጋር። የኮምፒውተር ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ ብቻ ሊቀጠሩ ይችላሉ፣ ብሉ ካርድም፣ ማለትም ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጀርመንኛ አይጠይቅም። በብሉ ካርድ ቋሚ መኖሪያ የሚገኘው ግን በቢ1 ከ21 ወር በኋላ ነው፣ በኤ1 ከ27 ወር በኋላ። ስለዚህ እናንተም ተማሩ።

ለሁላችሁም የምመክረው አንድ ተግባር አለ። ከመፈረማችሁ በፊት «ሆስፒታሲዮን» ጠይቁ፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሥራውን ማየት ነው። ያለ ክፍያ ነው፣ የተለመደም ነው። ትንሽ ደብተር ያዙ። ማታ ቤት ስትደርሱ ዘርዝሩ፦ ስንቴ ስልክ ጮኸ፣ ስንት ጊዜ ጻፉ፣ ዩበርጋበው ላይ ምን ያህሉ ገባኝ? ከግማሽ በላይ ከገባችሁ ግቡበት። ከግማሽ በታች ከሆነ የጻፋችኋቸውን ቃላት ይዛችሁ ሁለት ወር አጥኑ። የዶይቼ ቬለ ነፃ የጀርመንኛ ትምህርት ከኤ1 እስከ ቢ1 በስልካችሁ ይገኛል። ከዚያ እዚያው ቦታ ተመልሳችሁ ደውሉ። በስልክ ደውሉ እንጂ ኢሜይል አትጻፉ።