የቀድሞ የሰላም ጓድ መምህራን ማኅበር እንዳይዳከም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ወጣቶች ናቸው። ተማሪዎቻቸው በአጭሩ «ፒስ ኮር» የሚሏቸው እነዚህ መምህራን፣ በአብዛኛው የሁለት ዓመት አገልግሎታቸውን ፈጽመው ከተመለሱ በኋላ፣ ከእነሱ በኋላ ከመጡት ጋር ኢትዮጵያንና ኤርትራን በአንድነት በሚያቅፍ ማኅበር ተሰባስበዋል። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚዘልቀው ከከተሞቹ፣ ከትምህርት ቤቶቹና ከተማሪዎቹ ጋር እስከተገናኘ ድረስ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ይህን ከመዘንጋት ነው።

አባላትን በመጡበት ዓመት ብቻ መመደብ

ፕሮግራሙ በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1977 ተቋረጠ፣ በ1995 እንደገና ተጀመረ፣ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት ዳግመኛ ቆመ፣ በ2007 ደግሞ ተመለሰ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ በመላው ዓለም የነበሩ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በሙሉ ወደ አሜሪካ እንዲመለሱ ተደረገ። በዚህ መቆራረጥ የተነሣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ያስተማሩት ዛሬ በአብዛኛው በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሲገኙ፣ ከ2007 በኋላ የሄዱት ገና በሥራና ልጅ በማሳደግ ላይ ናቸው፤ በሁለቱ መካከልም ድልድይ ሊሆን የሚችል ትውልድ እጅግ ስስ ነው።

ስብሰባው «የ1962ቱ»፣ «የ1964ቱ» እየተባለ በጠረጴዛ ሲከፋፈል፣ ወጣቱ አባል የሰው ሠርግ ላይ እንደተገኘ እንግዳ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜም አይመጣም። መፍትሔው አባላትን በከተማ ማሰባሰብ ነው። በ1960ዎቹ ደብረ ማርቆስ ያስተማረ ሰውና ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እዚያው የተመደበ ሌላ ሰው የሚያወሩት አያጡም፤ ያው ከተማ፣ ያው ክረምት፣ ያው የዓባይ በረሃ መንገድ፣ አንዳንዴም ያው የትምህርት ቤት ግቢ ያገናኛቸዋል። አንዱ ያስተማረው ልጅ የሌላው ባልደረባ ወይም የቤት አከራይ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። የማኅበሩን የአባላት መዝገብ በከተማና በትምህርት ቤት እንደገና ማደራጀት ወጪ የሌለው ሥራ ስለሆነ፣ ከሁሉም በፊት ቢሠራ እመርጣለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎችን እንደ እንግዳ ማየት

ከስህተቶቹ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በእነዚህ መምህራን የተማሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ፤ የአስተማሪያቸውን ስም እስከ ዛሬ በፍቅር የሚያነሡም ብዙ ናቸው። ማኅበሩ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ለእራት ከመጥራት አልፎ በኮሚቴው ውስጥ ቦታ ካልሰጣቸው፣ ማን የት እንዳለ የሚያውቁትን ሰዎች ከደጅ አስቀረ ማለት ነው።

ፍለጋው ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሜሪካዊው ጸሐፊ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ሲመዘግብ፣ ተማሪው በአባቱ ስም ሥር ገብቶ ይጠፋል፤ ወንድምና እኅቱ በአባት ስም ሲገኙ የእሱ ልጆች ደግሞ በሌላ ስም ተጽፈው ይገኛሉ። ስለዚህ የራስ ስም፣ የአባት ስምና ከተቻለ የአያት ስም በየራሳቸው ዓምድ መስፈር አለባቸው፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በበርካታ መንገድ ስለሚጻፍም የግዕዙ ጽሕፈት አብሮ ቢቀመጥ ይረዳል። በዘመን አቆጣጠር በኩል ደግሞ «በ1958 ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ» የሚል ተማሪ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ፣ በፈረንጆቹ 1958 ቢፈለግ ገና ፒስ ኮር ያልተቋቋመበት ዘመን ላይ ይደረሳል። ትክክለኛው ጊዜ 1965 ወይም 1966 ነው።

የሞት ዜናም እንዲሁ ነው። አንድ መምህር ሲያርፍ ወሬው ለተማሪዎቹ ወራት ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ፣ ለቅሶ ለመድረስ የሚሹ ሰዎች ዕድሉን ያጣሉ፤ የሟች ቤተሰብም አባታቸው ወይም እናታቸው እዚያ ማን እንደነበሩ ሳይሰሙ ይቀራሉ። በዚህ ጉዳይ ተማሪዎችን የሚያነጋግር አንድ ሰው አስቀድሞ መመደብ ይገባል።

ፖለቲካን የማኅበሩ አቋም ማድረግ

አስመራ ያስተማረ መምህርና ጎንደር ያስተማረ መምህር ሲሄዱ የሄዱት ወደ አንድ አገር ነበር፤ ኤርትራ በ1993 ነጻነቷን ስታውጅ ግን የትዝታ ቦታቸው በድንበር ተለየ። ከዚያ በኋላ በመጡት ጦርነቶች እያንዳንዱ የሚያዝነው ለሚያውቀው ከተማና ለሚያውቃቸው ቤተሰቦች መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው። አባላት በግላቸው የመሰላቸውን መናገራቸው መብታቸው ሲሆን፣ በማኅበሩ ስም ወገን የሚለይ መግለጫ ማውጣት ግን ግማሹን ቤት ባዶ ያደርገዋል። ለተፈናቀሉ የሚሰጥ እርዳታ ለየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጠየቅ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ግጭት ከመነሣቱ በፊት በመተዳደሪያ ደንብ ቢጻፍ ይሻላል።

በታወቁ ስሞች መመካት

በኢትዮጵያ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት ሃሪስ ዎፎርድና ወሊሶ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስ ሁለቱም ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆነዋል። ሁለቱም አርፈዋል። በእነሱ መኩራት ተገቢ ነው፤ የማኅበሩ ሕይወት ግን የሚጠበቀው ስልክ ደውለው «እንዴት ከረሙ» በሚሉ፣ ስማቸው በማይጠራ አባላት ነው።

ደብዳቤና ፎቶግራፍ በየቤቱ እንዲበተን መተው

የ1960ዎቹ ስላይዶች፣ ለወላጅ የተጻፉ ደብዳቤዎችና የክፍል ፎቶግራፎች ባለቤታቸው ሲያርፍ ወደ ቆሻሻ የሚሄዱት፣ ልጆቹ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስለማያውቁ ነው። ቦስተን የሚገኘው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የቀድሞ በጎ ፈቃደኞችን የቃል ምስክርነት ሰብስቦ ይዟል፤ በዋሽንግተን ያለው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲም የሰላም ጓድ ቅርሶችን ይቀበላል። ቅርሱ ለእነዚህ ከመሰጠቱ በፊት ግን መምህሩና አንድ የቀድሞ ተማሪ አብረው ተቀምጠው ከፎቶው ጀርባ ስም፣ ከተማና ዓመት ቢጽፉ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ቅጂውም ወደ ትምህርት ቤቱ መላክ አለበት።

ገንዘብ ለመጠየቅ ብቻ መጻፍ

አባሉ የሚደርሰው መልእክት ሁሉ የመዋጮ ጥሪ ከሆነ መክፈቱን ይተዋል። የተሰበሰበው ብር ምን እንደሠራ ሳይነገረው አዲስ ጥሪ ሊደርሰው አይገባም፤ መጻሕፍት ከመላካቸው በፊትም ርእሰ መምህሩ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ።

ሁሉን ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጣል

የአባላት ዝርዝርና የይለፍ ቃል በአንድ ዋና ጸሐፊ ኮምፒውተር ብቻ ከተያዘ፣ የእሱ መታመም የማኅበሩ መቆም ይሆናል። ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከነባሮቹ አንዱ ከወጣቶቹ፣ ሙሉውን መዝገብ ይያዙ፤ ለአረጋውያኑ በስልክና በፖስታ፣ ለወጣቶቹ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የማድረሱን ሥራም ይከፋፈሉ።