ቤታችሁን ለሰው ከማጋራታችሁ በፊት፦ የሲምስ 4 ድብቅ ባጎችና ሞዶች

ሲምስ 4ን፣ ማለትም ቤት እየሠራችሁ ሰው የምታኖሩበትን የኮምፒውተር ጌም፣ የምጫወተው ለቤቱ ነው። ሲሞቹ፣ የጌሙ ሰዎች፣ እኔ ጋ ሥራቸው መፈተን ብቻ ነው፤ በሩ ይከፈት እንደሆነ፣ ሽንት ቤቱ ይደረስበት እንደሆነ ገብተው ያሳዩኛል። ከኋላው ሰርቪስ ቤት ያለው ቪላ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ በረንዳው ላይ ጀበናና ረከቦት የተቀመጠበት ግቢ፤ የምሠራው እንዲህ ያለውን ነው። ጋለሪ ላይ፣ ማለትም ተጫዋቾች የሠሩትን በሚለዋወጡበት የጌሙ ገጽ ላይ፣ ስጭነው ቨርጂኒያ ያለችው የአጎቴ ልጅ ታወርደዋለች። ወንድሟ ደግሞ በፕሌይስቴሽን ነው የሚጫወተው። አንድ ነገር ከጎደለ የድምፅ መልእክታቸው ሳይውል ሳያድር ይደርሰኛል። ምሕረት የላቸውም።

ከእነሱ ጋር ስመላለስ የገባኝ ነገር አለ። ቤት ስታጋሩ የሚያስቸግረው ባግ፣ ማለትም የጌሙ ስህተት፣ ብዙ ጊዜ ለእናንተ አይታይም። የእናንተ ጌም ሞዱን፣ ማለትም ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩትን ፋይል፣ ይዟል፤ ጉድለቱን ሸፍኖ ነው የሚያሳያችሁ። የሚያወርደው ሰው ያ ሽፋን የለውም። ስለዚህ ቤቱን እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ ገብታችሁ ማየት አለባችሁ።

መጀመሪያ ጋለሪው ምን ወስዶ ምን እንደሚተው እንወቅ። ጋለሪ ቤቱን ይወስዳል፣ የጌሙን ዕቃዎች ይወስዳል። ሲሲ፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩትን ዕቃና ልብስ፣ አይወስድም። እኔ በሲምስ 4 ስቱዲዮ የሠራሁት ጀበና የሚኖረው እኔ ላፕቶፕ ላይ ነው። የአጎቴ ልጅ ፋይሉ ከሌላት ጠረጴዛው ባዶውን ይመጣል። ከዚህም በላይ፣ ሲሲ ያለበት ቤት ጋለሪ ውስጥ ሲፈለግ መጀመሪያውኑ አይወጣም፤ ፈላጊው ማጣሪያው ውስጥ ገብቶ ሲሲ ያለበትንም አሳየኝ የሚለውን ካልመረጠ በስተቀር። እንደ ፕሌይስቴሽን ባለ ኮንሶል ላይ ሞድ የሚባል ነገር የለም። «ቤትሽ ጠፋ» ሲሏችሁ አልጠፋም፤ አንዲት የሲሲ አበባ ማስቀመጫ ደብቃው ነው።

ፓክም፣ ማለትም ለብቻው የሚገዛው የጌሙ ተጨማሪ፣ እንዲሁ ነው። ዋናው ጌም በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2022 ነፃ ከሆነ ወዲህ አንድም ፓክ ያልገዛ ተጫዋች ሞልቷል። የሌለው ፓክ ዕቃ በሌላ ይተካል ወይም ይቀራል። ደረጃና በር ላይ ይህ ከሆነ ቤቱ ቤት አይሆንም። እኔ በርና ደረጃ ሁልጊዜ ከዋናው ጌም ነው የምወስደው። ለጌጡ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።

እንግዳ ሆኖ መግባት

ጌሙን ዝጉ። ዶክዩመንትስ ውስጥ ኤሌክትሮኒክ አርትስን፣ ከዚያ ዘ ሲምስ 4ን ክፈቱ። ሞድስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ዴስክቶፕ ላይ አውጡት። አታጥፉት፣ አውጡት ብቻ። እዚያው ያለውን ሎካልተምብካሽ የሚባል ፋይል ግን አጥፉት፤ ጌሙ ራሱ መልሶ ይሠራዋል። ይህ ፋይል የድሮ ነገር ይዞ ስለሚቆይ፣ ያወጣችሁት ሞድ አሁንም ያለ እንዲመስል ያደርጋል።

አሁን አዲስ ጌም ጀምሩ፤ የቆየውን ሴቫችሁን አትንኩ። ቤቱን ከላይብረሪያችሁ፣ የሠራችሁት ከሚቀመጥበት የጌሙ ክፍል፣ አምጥታችሁ ባዶ ቦታ ላይ አስቀምጡ። የጎደለ ነገር ካለ ወዲያው ይታያል። ግድግዳው ይራቆታል፣ ወንበሩ ይጠፋል።

ከዚያ ሲም አስገቡና አኑሩት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የእኔ ቅሬታም እዚህ ላይ ነው። ፎቶው ውብ የሆነ፣ ሲሙ ግን አልጋው ላይ መውጣት የማይችልበት ቤት ጋለሪውን ሞልቶታል። ዋናው ምክንያት ሙቭኦብጀክትስ የሚባለው ቺት፣ ማለትም የጌሙን ገደብ የሚያነሳ ትእዛዝ፣ ነው። ዕቃን ከዕቃ ጋር ያጣብቃል፣ ለዓይን ያምራል፣ የሲሙን መንገድ ግን ይዘጋል። ሲሙ ምግብ ያብስል፣ ሳህን ይጠብ፣ ሻወር ይውሰድ፣ ይተኛ፤ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ይውረድ። እጁን እያወናጨፈ መንገድ አጣሁ ካለ፣ የቆመበትን ቦታ አይታችሁ የተጠጋውን ዕቃ ትንሽ አላቁት። ሁለት ሲም አስገቡ፤ ጠባብ ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሕፃን ልጅ ካለም እንዲሁ፤ አዋቂው ያለፈበትን ሁሉ ልጁ አያልፍም።

«ምንም ሞድ የለውም» እያላችሁ ጋለሪው ሲሲ አለበት ሲላችሁ

ይሄ ያበሳጫል። አንዳንዱ ሲሲ ራሱን የቻለ ዕቃ ሳይሆን የቀለም ለውጥ ነው። ሶፋው የጌሙ ሶፋ ነው፤ ከቀለሞቹ አንዱ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። በዓይን አይለይም። የመገንቢያው ማጣሪያ ውስጥ ካስተም ኮንተንት የሚለውን መርጣችሁ ምን ምን እንዳላችሁ እዩ፣ ከቤቱ ጋር አስተያዩ። ቤተሰብ የምታጋሩ ከሆነ ደግሞ የየሲሙን ልብስ ሁሉ ፈትሹ፤ የመዋኛው፣ የብርድ ጊዜው፣ የመኝታው ሁሉ ለየብቻው ነው። የዕለቱ ልብስ ንጹሕ ሆኖ ሲሲ ፒጃማ ውስጥ ይገኛል።

በእጅ መፈለግ ከሰለቻችሁ ትሬይ ኢምፖርተር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ላይብረሪ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ቤት ወይም ቤተሰብ ይከፍትና የተጠቀመባቸውን የሲሲ ፋይሎች በስም ይዘረዝራል። እኔ ጋለሪ ላይ አንድ ነገር ሳልጭን በፊት በዚህ ነው የማየው።

ጥፋተኛውን ሞድ ማደን

አፕዴት በመጣ ቁጥር ጌሙ ሞዶችን ራሱ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል፤ ፋይላቸው ግን አይሰረዝም። ቸኩላችሁ አታብሩ። በተለይ የጌሙን ገጽታ የሚቀይሩ ሞዶች ቀድመው የሚሰበሩ ናቸው፤ ቁልፎች ይጠፋሉ፣ ሲሙን ስትነኩ ምንም አይመጣም፣ መገንቢያው ባዶውን ይከፈታል። ሠሪው አዲስ እትም እስኪያወጣ ጠብቁ።

ምክንያቱ ካልታወቀ ግማሽ በግማሽ ሂዱ። የሞዶቹን ግማሽ አውጡ፣ ሎካልተምብካሹን አጥፉ፣ ጌሙን ክፈቱ። ችግሩ ካለ ጥፋተኛው ውስጥ ከቀረው ግማሽ ነው፤ ከሌለ ካወጣችሁት። ያንን ግማሽ ደግሞ ለሁለት ክፈሉት። 400 ፋይል ቢኖራችሁ እንኳ ቢበዛ ዘጠኝ ዙር ነው። አንድ በአንድ ከምትፈልጉ ይሻላል። ብቻ አብረው የሚሠሩትን አትለያዩ። የስክሪፕት ፋይል፣ ማለትም የሞዱ ኮድ፣ እና የእሱ ፓኬጅ የሚባለው ሌላው የሞዱ ፋይል አብረው ይውጡ፣ አብረው ይግቡ። ካለያያችኋቸው ሌላ አዲስ ስህተት ትፈጥሩና ትታለላላችሁ።

ከማደናችሁ በፊት ግን ቀላሉን እዩ። የስክሪፕት ሞድ ሞድስ ፎልደር ውስጥ ከአንድ ንዑስ ፎልደር በላይ ጠልቆ ከተቀመጠ አይሠራም። የአንድ ሞድ የድሮና የአዲስ እትም አብረው ካሉ ይጣላሉ። ቤተር ኤክሴፕሽንስ የሚባለው ሞድም ስህተት ሲፈጠር የትኛው ፋይል ሳይሆን እንደማይቀር ስለሚጠቁም ድካም ይቀንሳል።

ከሰው ስትቀበሉ

የቆዩ ተጫዋቾች የሲምስ 3ን አሻንጉሊት ያስታውሳሉ። ጌሙ በ2009 ከወጣ በኋላ አንዲት የተበላሸች የሕፃን አሻንጉሊት ፋይል ተሰራጨች። አንዴ ጌማችሁ ውስጥ ከገባች፣ ከዚያ በኋላ በምታጋሩት ቤትና ሲም ላይ ሁሉ ተለጥፋ ትወጣ ነበር። ሰው ሳያውቅ ለሰው ያስተላልፋታል። በሲምስ 4 ጋለሪው ሲሲ ስለማይወስድ በዚያ መንገድ አይተላለፍም። ይህ ጥሩ ነው።

የስክሪፕት ሞድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚሠራ ኮድ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ የታወቁ የሞድ ማውረጃዎች ላይ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ የያዙ የሲምስ ሞዶች ተገኝተው ነበር። ከዚያ በኋላ ትዊስትድሜክሲ የተባለው ሞድ ሠሪ ሞድ ጋርድ የሚባል መከላከያ አወጣ። ነፃ ነው፣ አስገቡት። ከዚያ ውጭ፣ ከሞድ ጋር ኢኤክስኢ ፋይል፣ ማለትም ሲከፈት የሚሠራ ፕሮግራም፣ ከመጣ አትክፈቱ። ቴሌግራም ላይ በጅምላ ታጅሎ የሚላክ «500 ሞድ በአንድ ዚፕ» የሚባለውንም እኔ አልነካም፤ ማን እንደሠራው፣ የመቼ እትም እንደሆነ አይታወቅም። ሞድን ከሠሪው ገጽ ውሰዱ።

ከጋለሪ ውጭ ስትልኩ

ትሬይ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አንድ ቤት አንድ ፋይል አይደለም። ትሬይአይተም፣ ብሉፕሪንት፣ ቢፒአይ እያሉ የሚያልቁ በርካታ ፋይሎች ናቸው፤ ስማቸው ውስጥ አንድ ዓይነት ረጅም መለያ አለ። አንዷ ከቀረች ቤቱ ሊበላሽ ወይም ጭራሽ ላይወጣ ይችላል። በእጅ ከመልቀም ትሬይ ኢምፖርተር አንድ ላይ አሽጎ ቢያወጣላችሁ ይሻላል።

ሲሲውን አብራችሁ ልትልኩ ስትሉ ግን ቆም በሉ። ብዙ ሠሪዎች ፋይላቸው በሌላ ሰው እንዲጫን አይፈልጉም። ሊንኩን ስጡ። የራሳችሁን ሥራ ግን ማን ይከለክላችኋል፤ ጀበናዬን እኔ ራሴ እልካለሁ።

መግለጫውን በደንብ ጻፉት። የእኔ የመጨረሻው ቪላ ሥር ያለው ይሄ ነው፦ «ዋናው ጌም ብቻ። ሲሲ የለውም። ሙቭኦብጀክትስ ተጠቅሜያለሁ፣ ከማስቀመጣችሁ በፊት አብሩት። ያለ ሞድ ተኖሮበት ተፈትኗል። ሰርቪስ ቤቱ ሻወር ላይ ረጅም ዕቃ አትጨምሩ፣ በሩ ይዘጋል።» እትሙንም እጨምራለሁ፤ ቁጥሩ ጌምቨርዥን የሚባለው የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አለ። አፕዴት መጥቶ የሆነ ነገር ከተሰበረ፣ ያወረደው ሰው በየትኛው እትም ላይ እንደተፈተነ አይቶ ራሱ ይገምታል፤ የእኔም ስልክ ትንሽ ያርፋል።