ለከዋክብትም ለመስክም የሚሆን ባይኖኩላር በመጠነኛ ዋጋ ለመግዛት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ ከነበረ አንድ ሱቅ የመጀመሪያዬን ባይኖኩላር፣ አባቶቻችን የጦር ሜዳ መነጽር የሚሉትን ዕቃ፣ ገዛሁ። የፊት ሌንሶቹ እንደ ሩቢ ቀልተው ያበራሉ፤ ጀርባው ላይ ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚያቀርብ ተጽፎበታል፤ ሻጩም «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሌሊትም ያሳያል» ብሎ አረጋገጠልኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ካዛንችስ ከምኖርበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ወደ ጨረቃ ሳነጣጥር ያየሁት ሁለት ጨረቃ ነበር፤ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተደርባ፣ የሁለቱም ዳር አረንጓዴ ቀለም የተቀባ መስሎ። ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁ፤ ያው ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝና ወረድኩ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ገንዘቡን እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ እንዳያፈስ ነው፤ ጥቂት ብር ጨምሬና ምን ማየት እንዳለብኝ አውቄ ቢሆን ኖሮ ለዓመታት የሚያገለግል መሣሪያ ይዤ መመለስ እችል ነበር።

ማንኛውም ባይኖኩላር ላይ እንደ 8×42 ወይም 10×50 ያሉ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዕቃው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው ደግሞ የፊት ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ ይነግራል። የሻጭም የገዢም ዓይን የሚያርፈው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው፤ ለሰማይ ግን ይበልጥ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ የደከመውን የኮከብ ብርሃን የሚሰበስበው የሌንሱ ስፋት ነውና። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከባለ 25 ሚሊ ሜትሩ አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል፤ ስለዚህ ኪስ ውስጥ የምትገባው 10×25 ቀን ላይ ኳስ ለማየት ብትበቃም ማታ ብዙ አታሳይም። የማቅረብ አቅም ሲጨምር ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። በእጅ ተይዞ ከ10 እጥፍ በላይ የሚያቀርብ ባይኖኩላር ኮከቡን እንደ ትንኝ ሲያስዘልለው ያመሻል፤ የሚታየው የሰማይ ክፍልም እየጠበበ ስለሚሄድ የሚፈለገውን ነገር ማግኘት ራሱ አድካሚ ይሆናል። በተለመደው 10×50 ወደ 6.5 ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ይህም አሥራ ሦስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ የሚይዙት ስፋት ነው።

ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ሲያካፍሉት ዓይናችንን ከምናስጠጋበት የኋላ ሌንስ (የዓይን ሌንስ) ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። በ10×50 ይህ 5 ሚሊ ሜትር፣ በ8×42 ከ5 ትንሽ ከፍ ያለ፣ በ7×50 ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የወጣት ሰው የዓይን ብሌን በድቅድቅ ጨለማ እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊከፈት ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን መጠኑ ይቀንሳል፤ የጎዳና መብራት ባለበት ቦታም ያን ያህል አይከፈትም። ብዙ የውጭ ምክሮች ለከዋክብት 7×50 ግዙ ቢሉም፣ በመሐል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ከመሣሪያው የሚወጣው ብርሃን በከፊል ከብሌናችን ውጭ ይባክናል፣ በመብራት የነጣው የከተማ ሰማይም ይበልጥ ነጥቶ ይታያል። 10×50 የሰማዩን ንጣት ትንሽ ያጠቁረዋል፣ ከዋክብቱም ከዚያ ላይ ጎልተው ይወጣሉ። ዋና ዓላማው ሰማይ ከሆነ 10×50፣ እኩል ለሰማይና ለመስክ ከሆነ ደግሞ 8×42 ይግዙ እላለሁ። ልዩነቱ ክብደትም ጭምር ነው፤ 10×50 ብዙ ጊዜ ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ ያን አንገት ላይ አንጠልጥሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ መውጣት ቀላል አይደለም። 8×42 ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 750 ግራም ሲሆን፣ የምኒልክ ድኩላን በቁጥቋጦ መካከል ወይም ከገደሉ በላይ የሚዞረውን አሞራ በእጅ ይዞ ለመከታተል ይመቻል።

ገንዘብ ውስን ሲሆን የባይኖኩላሩ ቅርጽም ይቆጠራል። የዓይን ሌንሶቹ ተቀራርበው የፊት ሌንሶቹ ወደ ውጭ ገፋ ያሉበት፣ ትከሻ ያለው የሚመስለው አሮጌው ቅርጽ ፖሮ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1854 እ.ኤ.አ. የፕሪዝሙን፣ ማለትም ብርሃኑን አጥፎ ምስሉን የሚያቀናውን የውስጥ መስታወት፣ አቀማመጥ በስሙ ካስመዘገበው ጣሊያናዊ ከኢግናዚዮ ፖሮ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ቱቦዎች የሚመስለውና ዘመናዊ የሚባለው ደግሞ ሩፍ ፕሪዝም ነው። ሩፍ ያማረና ለመያዝ የሚመች ቢሆንም፣ ጥራት እንዲኖረው ፕሪዝሙ እጅግ በትክክል መቆረጥና ልዩ ሽፋኖች መቀባት ስላለበት በርካሽ ሲሠራ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ተመሳሳይ ዋጋ ካላቸው ሁለት ርካሽ ባይኖኩላሮች መካከል ፖሮው ብዙ ጊዜ የተሻለ ያሳያል። ክረምቱን ጭምር በጫካ የሚያሳልፍ ሰው ግን ውስጡ በናይትሮጅን ጋዝ የተሞላና ውኃ የማያስገባ ሩፍ ላይ ገንዘብ ቢጨምር አይቆጭም።

የማቅረቢያ ልኩን የሚቀያይር ዙም ያለው ባይኖኩላር በርካሽ ዋጋ ከቶ አይገዛ። በሁለቱ ቱቦዎች ውስጥ ያሉት ተንቀሳቃሽ ሌንሶች እኩል መሄድ አለባቸው፤ በርካሽ ሥራ ደግሞ እኩል አይሄዱም፤ የእኔ ሁለት ጨረቃ የመጣው ከዚያ ነበር። ቀይ ሌንስም እንዲሁ የሚያስፈልገንን ብርሃን ወደ ውጭ አንጸባርቆ ምስሉን አረንጓዴ ያደርገዋል። ያለ ባትሪ «በጨለማ ያሳያል» የሚል ጽሑፍ ትርጉም የለውም። 100×180 የሚል ቁጥር ሲያጋጥምዎ ማስመሪያ ያውጡና የፊት ሌንሱን ይለኩት፤ ሁለተኛው ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮ የእያንዳንዱ ሌንስ ስፋት 18 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም እንደ ምግብ ሳህን በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ከታወቀ ፋብሪካ የወጣ መሆኑን የሚናገር ስም ካርቶኑ ላይ መታተሙ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ አንዱ ደህና ሌላው የተዛነፈ ሆኖ ይገኛልና የሚገዙትን ያንኑ ዕቃ በእጅዎ ይዘው ይፈትሹ። በመጀመሪያ ወደ ጆሮዎ አስጠግተው ቀስ ብለው ይወዝውዙት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሰው ያስቀምጡት። የመሐሉን ማጠፊያ ከፍተው ሲዘጉት ሳይላላም ሳይጠብቅም መንቀሳቀስ አለበት፤ የፎከስ ማስተካከያውም በመጀመሪያ ሳይዞር ቆይቶ በድንገት የሚዘል መሆን የለበትም። ቀጥሎ የፊት ሌንሶቹን ወደ ጣሪያው አምፖል አዘንብለው ነጸብራቁን ይመልከቱ። ሌንሱ ላይ የሚታየው የአምፖል ምስል ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ነጸብራቅ ለመቀነስ የተቀባው ሽፋን ጥሩ ነው፤ ወረቀት የመሰለ ነጭ ከሆነ ሽፋን የለውም ማለት ነው።

ከዚያ ባይኖኩላሩን ከዓይንዎ አንድ ክንድ ያህል አርቀው፣ የፊት ሌንሶቹን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙረው በዓይን ሌንሶቹ መሐል የሚታዩትን ሁለት የብርሃን ክቦች ያስተውሉ። ክቦቹ ሙሉ ሆነው ዳራቸው በጥቁር ከተከበበ ፕሪዝሙ ባክ4 ከሚባለው የተሻለ መስታወት የተሠራ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ዳርና ዳራቸው ተቆርጦ እንደ ሻሽ ማዕዘን የወጣላቸው ከሆኑ ግን ርካሹ ቢኬ7 ነው፤ ከሚሰበሰበው ብርሃን የተወሰነው ዓይንዎ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ይህን ለማየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሻጮችም ብዙ ጊዜ ሲያዩት ይገረማሉ።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ከሱቁ በር ውጭ ነው። ባለሱቁን አስፈቅደው ደጅ ይውጡ፤ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ከሆኑ ቁልቁል ወደ ለገሃር አቅጣጫ ጥሩ ርቀት ያገኛሉ። አንድ ሩቅ የመብራት ምሰሶ ወይም የአንቴና ዘንግ ይምረጡ። ቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በመሐለኛው ማዞሪያ ምስሉን ለግራ ዓይን ጥርት ያድርጉት፤ ቀጥሎ ግራውን ጨፍነው በቀኙ የዓይን ሌንስ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞሩ ለቀኝ ዓይን ያጥሩት። አሁን በሁለቱም ይመልከቱ፤ ምሰሶው አንድ መሆን አለበት። ዓይን የተዛነፈውን ራሱ እየጎተተ ስለሚያቃና ግን በዚህ ብቻ አይርኩ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ካዩ በኋላ ዓይንዎን ለቅጽበት ጨፍነው ይግለጡ። በተገለጠችበት ቅጽበት ምሰሶው ሁለት ሆኖ ቀስ በቀስ ከተገጣጠመ፣ ወይም ግንባርዎ አካባቢ መወጠር ከተሰማዎ፣ ቱቦዎቹ ትይዩ አይደሉም፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስልዎ አይውሰዱት። መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ የዓይን ሌንሱን ጎማ አጥፈው ወይም አውርደው፣ መነጽርዎን ሳያወልቁ የምስሉን ክብ ሙሉ ማየትዎን ያረጋግጡ፤ በዝርዝሩ ላይ የዓይን ርቀቱ (ዓይን ከዓይን ሌንሱ ርቆ ምስሉን ሙሉ የሚያይበት ርቀት) 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ተብሎ የተጻፈ ይመረጣል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት የሚያሳፍር አይደለም። የሶቪየት ዘመን ባይኖኩላር በደህና ይዞታ ካጋጠመዎ ምስሉ ትንሽ ቢጫ ቢያሳይም ጠንካራና በጥሩ መስታወት የተሠራ ነው። የሚፈራው ሻጋታ ነው፤ የስልክዎን ባትሪ ከፊት ሌንሱ በኩል እያበሩ ውስጡን ሲመለከቱ እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ክር ካዩ ይተዉት። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ስለጨመረ ብዙዎች ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እንዲያመጣላቸው ይጠይቃሉ። ሆኖም ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ባይኖኩላር የተያዘባቸው መንገደኞች አሉና ዘመድዎን ከማስቸገርዎ በፊት ስለ ፈቃዱ ከጉምሩክ ይጠይቁ። ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕና ኤምባሲ በሚበዛበት በመሐል ከተማ ከበረንዳ ላይ ወደ ሕንፃዎች ማነጣጠርም ችግር ያመጣል፤ መሣሪያውን ከማውጣትዎ በፊት ለጥበቃውና ለጎረቤት ምን እንደሚያዩ ይንገሯቸው፤ ጨረቃንም ያሳዩዋቸው።

ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም አያነጣጥሩ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሹ በላሊበላ ሰማይ ላይ ባለፈበት ዕለት እንደሆነው ሁሉ፣ በግርዶሽ ጊዜ ሰው ሁሉ ቀና ማለቱ አይቀርም፤ በባይኖኩላር የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ግን በቅጽበት ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ልጆች ባሉበት ቤት ዕቃው ቀን ላይ ከመስኮት አጠገብ አይቀመጥ።

የመጀመሪያዋ ማታ ደረሰኙ ገና በእጅዎ እያለ ብትሆን ይመረጣል፤ ኮከብ ከምሰሶ ይልቅ ጥብቅ ፈታኝ ነውና። ክርንዎን በጣሪያው ግንብ ላይ አስደግፈው አንድ ደማቅ ኮከብ ወደ መሐል ያምጡና ያጥሩት፤ የመርፌ ጫፍ የመሰለ አንድ ነጥብ መሆን አለበት፤ መሐል ላይ ክንፍ ካወጣ ወይም ሁለት ከሆነ በማግስቱ ይመልሱት። ካለፈ፣ በጥር ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ከአናት በላይ ሰባቱን ከዋክብት ያገኛሉ፤ በባዶ ዓይን ስድስት ወይም ሰባት የነበሩት በ10×50 በደርዘን የሚቆጠሩ ይሆናሉ። ጁፒተር በሰማይ ላይ ካለች ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራት ጨረቃዎች በጎንና በጎኗ ተደርድረው ይታያሉ፤ የሳተርን ቀለበት ግን በ10 እጥፍ ስለማይለይ አይጠብቁት። በኅዳር ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም ከከተማው መብራት ወጣ ብለው ወደ ሰሜን ከፍ አድርገው ቢመለከቱ፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀውን የአንድሮሜዳ ጋላክሲ እንደ ሞላላ ጭጋግ ያዩታል። የምንኖረው ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ላይ በመሆኑም አብዛኞቹ አውሮፓውያን ከአገራቸው የማያዩት ኦሜጋ ሴንታውሪ፣ ሚሊዮኖች ከዋክብት ተጨናንቀው የሚኖሩበት ክብ ዘለላ፣ በግንቦት ደመና በሌለበት ሌሊት ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል፣ ከአድማሱ ወደ 33 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ለብቻው የተነደፈ ጥጥ ይመስላል።