ቴርሞሜትሩ ልክ ሆኖ መዝገቡ እንዳይሳሳት

ደብረ ብርሃን ላይ ላብራቶሪ ለሚሠራ ሰው ብርድ አዲስ ነገር አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነው የሚነጋው። እኛ ግን «ዛሬስ በጣም በረደ» ብለን ማለፍ አንችልም። ስንት ዲግሪ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሴንሰር (ሙቀቱን በሚለካው የመሣሪያው ጫፍ) ተብለን እንጠየቃለን። ያየሁት የተበላሸ ዳታ አብዛኛው ደግሞ በመሣሪያ ብልሽት የመጣ አይደለም፤ በአያያዝና በአመዘጋገብ ነው።

የማወራው ስለ ፒቲ 100 ነው፤ ጫፉ ላይ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ ስላለበት፣ ንባቡንም ከነሰዓቱ ራሱ ስለሚመዘግብ ዲጂታል ቴርሞሜትር። ፕላቲነም ሲሞቅ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከልበት አቅም፣ ይጨምራል፤ የሚለካውም በኦም ነው። 0 ዲግሪ ላይ 100 ኦም፣ 100 ዲግሪ ላይ 138.5 ኦም ነው። እንግዲህ አንድ ዲግሪ 0.4 ኦም እንኳ አይሞላም። 0.04 ኦም ብቻ ቢዛባ ንባባችሁ በ0.1 ዲግሪ ይስታል። ሽቦው ደግሞ ሲመታ ወይም ሲንቀጠቀጥ ይዛባል። ስለዚህ ወደ አንኮበር ወይም ወደ ደብረ ሲና ይዛችሁት ስትወርዱ ከጓዝ ጋር አትጫኑት፤ በስፖንጅ ጠቅልላችሁ ጉልበታችሁ ላይ ያዙት።

ከመለካታችሁ በፊት ዜሮውን ፈትሹ፤ 0 ዲግሪ ላይ 0 ማንበቡን ማለቴ ነው። «ውሃ አፍልቼ 100 ላይ አረጋግጣለሁ» የሚል ሰው ካለ፣ እዚህ አይሠራም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 90 እና 91 ዲግሪ መካከል ነው፤ እሱም እንደ ዕለቱ የአየር ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል። በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ ግን ከፍታ ብዙም አይነካውም፣ ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ ዲግሪ በታች ነው። ለኛ የሚያዋጣን እሱ ነው።

እንዲህ አድርጉ። በዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ በተጣራ ውሃ) በረዶ ሥሩ። ክረምት ላይ ከደጅ የሚለቀመውን በረዶ አትጠቀሙ፣ አቧራም ሌላም ቆሻሻ ስላለበት ከዜሮ በታች ይወስዳችኋል። ጓንት አድርጉ፤ የእጅ ላብ ጨው አለው። በረዶውን በደንብ አድቅቃችሁ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ሙሉበትና ቀድሞ የቀዘቀዘ ዲስቲልድ ውሃ በቀስታ ጨምሩበት። ነጭ የነበረው በረዶ ውሃው ሲገባበት ግራጫ፣ ብርሃን አሳላፊ መስሎ ይታያችኋል። በረዶው ከሥሩ ለቆ ከተንሳፈፈ ውሃው በዝቷል ማለት ነው፤ ከታች ቅዱና በረዶ ጨምሩ። ይቺን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ነገር ግን ሥር ላይ የሚተኛው ውሃ ከዜሮ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ የሴንሰሩ ጫፍ ደግሞ ያለው እዚያው ነው።

ሴንሰሩን ጠልቆ አስገቡት። ቢያንስ የውፍረቱን 15 እጥፍ ይግባ። 6 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው 9 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው፣ ከዚያ በላይ ቢገባ ደግሞ ይመረጣል። ካነሰ የክፍሉ ሙቀት በብረቱ በኩል እየወረደ ያታልላችኋል። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ቁጥሩ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄዱን ሲያቆም በየደቂቃው አሥር ጊዜ አንብቡና አማካዩን ያዙ።

0.06 አነበበ እንበል። ስሕተቱ +0.06 ነው፣ ማስተካከያው ግን -0.06። እባካችሁ እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ። የካሊብሬሽን ወረቀት (መሣሪያው ከትክክለኛው ጋር ሲነጻጸር የተሰጠው ወረቀት) ላይ የተጻፈው ስሕተቱ ነው ወይስ ማስተካከያው ብላችሁ አርዕስቱን አንብቡ፤ ምልክቱን ከገለበጣችሁት ስሕተታችሁ እጥፍ ይሆናል። ስክሪኑ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ስላሳየ ሦስቱም እውነት ነው ማለትም አይደለም።

አሁን ወደ መዝገቡ። አንድ ጊዜ የክትባት ፍሪጅ ሙቀት ከ8 ዲግሪ አልፎ ተገኘ፤ መሆን ያለበት ከ2 እስከ 8 ነው። መዝገቡ ላይ «8:10 መብራት ጠፋ» ይላል። ቴርሞሜትሩ ላይ 8:10ን ፈለግን፣ ምንም የለም። ግማሽ ቀን ከደከምን በኋላ ነው የገባን። ጸሐፊው የጻፈው በኛ ሰዓት፣ ከቀኑ 8:10 ነው፤ መሣሪያው ጋ ይህ 14:10 ነው። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላይ ሁለቱንም ሰዓት እጽፋለሁ፤ የምሠራበት ክፍል ያለ ሰው ሁሉ እንዲጽፍም እለምናለሁ።

ሌሊት ላይ ደግሞ ይብሳል። መሣሪያው ቀን የሚቀይረው በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። «ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የምንለውን እሱ ማክሰኞ 02:00 ብሎ ይመዘግበዋል፣ «ሰኞ ሌሊት» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ሰኞ ላይ ሲፈልገው ይውላል። ቀኑም እንደዚያው ነው። ኅዳር 12 ቀን 2018 በመሣሪያው 2025-11-21 ነው፤ ጳጉሜንን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም። ስለዚህ የፋይሉን ስም በፈረንጅ ቀን፣ ዓመቱን አስቀድማችሁ ስጡት፤ በቅደም ተከተል ይሰለፍላችኋል። ኮምፒውተሩ የሰዓት ቀጠናው ናይሮቢ፣ ሲደመር 3 መሆኑንም እዩ፤ አንዳንድ መሣሪያ ሰዓቱን የሚወስደው ከኮምፒውተሩ ነው።

በየስንት ጊዜው ይመዝግብ? በየ10 ሴኮንዱ ካላችሁት በቀን 8,640 ንባብ ነው፣ 16,000 የሚይዝ ሜሞሪ ሁለት ቀን አይሞላም። በየ5 ደቂቃው ከሆነ በቀን 288 ነው፣ ያው ሜሞሪ 55 ቀን ይቆያል። ለፍሪጅ ይበቃል። ሜሞሪው ሲሞላ ያቆማል ወይስ የቀድሞውን ይደመስሳል የሚለውንም ሴቲንጉ ላይ አረጋግጡ።

ዳታውን ስታወርዱ ዋናውን ፋይል አትንኩት። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። ኤክሴል ላይ ስትሠሩ ማስተካከያውን ለብቻው አምድ ስጡት፤ የተነበበው፣ ማስተካከያው፣ የተስተካከለው ብላችሁ። ደስ የማይል ቁጥር ካገኛችሁ አትሰርዙት። ጎኑ ላይ «በር ተከፍቶ ነበር» ብላችሁ ጻፉ።

ሥራ ስትጨርሱ ሴንሰሩን ጠርጋችሁ አድርቁት፣ ገመዱን አጥብቃችሁ አትጠምዝዙት። ከእጃችሁ ካመለጠ ደግሞ፣ ምንም ባይመስልም፣ የበረዶውን ፈተና በዚያው ቀን ድገሙት።